የጋሼን የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ልገዛ ነው፤ ብቃት ማረጋገጫው አብሮ ይተላለፋል?

ፎርማን ከገላን | መስከረም 28፣ 2018

ጤና ይስጥልኝ። ረጅም ነው፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ገመድ ጎታች ሆኜ ገባሁ፣ ዛሬ ፎርማን ነኝ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ደረጃ 4 አለኝ፤ የማታ ዲግሪዬን በሚመጣው ክረምት እጨርሳለሁ። ባለቤቱ ጋሼ 67 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ መሰላል አይወጡም፣ ሳይትም እምብዛም አይመጡም። ልጆቻቸው ውጭ ናቸው። ከመስቀል ማግስት ቢሮ ጠሩኝና «ለማላውቀው ሰው ከምሸጠው አንተ ውሰደው» አሉኝ። ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የጠየቁት 6.5 ሚሊዮን ብር ነው። አሮጌ ፒክአፕ አለ፣ ሜገር (የሽቦ ልባስ መፈተሻ)፣ ኧርዝ ቴስተር (የመሬት መስመር መለኪያ)፣ የኬብል ጫፍ የሚታሰርበት የሃይድሮሊክ ሉግ መጭመቂያ፣ መሰላልና ስካፎልዲንግ፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ኬብልና ብሬከር። ዕቃውን ለብቻው ሳሰላው ከ3.6 ሚሊዮን አያልፍም። የቀረው 2.9 ሚሊዮን ማለት የስሙ፣ የደንበኞቹና የደረጃው ዋጋ ነው።

በእጄ 1.9 ሚሊዮን አለኝ። ወንድሜ 1 ሚሊዮን ያበድረኛል፣ የዕቁብ ዕጣዬም ጥቅምት ላይ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ድርጅቱን ስገዛ የብቃት ማረጋገጫው፣ ባለሥልጣኑ ለተቋራጭ በደረጃ የሚሰጠው ወረቀት፣ ወደ እኔ ይዞራል ወይስ እንደ አዲስ ከዜሮ እጀምራለሁ? ደላላው «ስም ማዛወር ብቻ ነው፣ እንደ መኪና ሊብሬ» ይላል። ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሜገር ከሰበታ | መስከረም 28

ወንድሜ፣ እንኳን ጋሼ አመኑህ። ትልቅ ነገር ነው።

ግን ቀብድ እንዳትሰጥ። መጀመሪያ ይህን እወቅ፤ ንግድ ፈቃዱ በጋሼ በራሳቸው ስም ነው ወይስ በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር? በግለሰብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የንግድ ፈቃድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ አይከራይም። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጁ፣ በ980/2008፣ በግልጽ የተከለከለ ነው። የጋሼን ዕቃ ትገዛለህ፣ ፈቃዱን ግን በራስህ ስም አዲስ ታወጣለህ። ብቃት ማረጋገጫውም እንደዚያው።

ማኅበር ከሆነ የምትገዛው አክሲዮን ነው። ማኅበሩ ራሱን የቻለ ሰው ነው፣ ባለቤቶቹ ቢቀየሩም እሱ አይሞትም። ፈቃዱም፣ ቲን ቁጥሩም፣ ማረጋገጫውም በማኅበሩ ስም እንደተጻፈ ይቆያል።

ፎርማን ከገላን | መስከረም 29

ወንድሜ ሜገር፣ አመሰግናለሁ። ታፔላው ላይ ኃ.የተ.የግ.ማ. ይላል። ዛሬ መመሥረቻ ጽሑፉን ጠይቄ አየሁት፣ ሁለት ባለአክሲዮን ነው ያለው፤ ጋሼና ባለቤታቸው። እትዬ ከ4 ዓመት በፊት አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። እና በማኅበር ከሆነ ቀላል ነው ማለት ነው?

ሜገር ከሰበታ | መስከረም 29

ቀላል አይደለም፣ እኔ የተቃጠልኩትም በዚሁ ነው። ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመት በፊት በሰበታ መንገድ አንድ ድርጅት አክሲዮን ገዛሁ። ውሉ በጠበቃ ተሠራ፣ ውልና ማስረጃ ሄደን ፈረምን፣ ንግድ ምዝገባው ላይ ስሜ ገባ። ደስ ብሎኝ በግ አረድኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ በብቃት ማረጋገጫው ላይ የተመዘገበው መሐንዲስ የሥራ መልቀቂያ አስገባ። የድሮው ባለቤት ዘመድ ነበር፣ ከእኔ ጋር ለመሥራት የሚያስገድደው ምንም ነገር አልነበረም። ዕድሳት ስንሄድ «በፋይሉ ላይ ያለው ባለሙያ የት አለ?» ተባልን። እሱን የሚተካ እስክናገኝ፣ ሰነዱም ተሟልቶ እስኪያልቅ 7 ወር ፈጀ። በእነዚያ 7 ወራት የያዝኩት የፋብሪካ ሥራ ለሌላ ተሰጠ።

በደንብ ስማኝ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የድርጅቱ ስም ነው፣ ወረቀቱን ያቆመው ግን ሰው ነው። ባለሥልጣኑ የሚያየው ማን በቋሚነት እንደሚሠራ፣ ትምህርቱና ልምዱ ምን እንደሆነ፣ መሣሪያው አለ ወይ የሚለውን ነው። ደላላው የሊብሬ ምሳሌ ያመጣው ይህን ስለማያውቅ ነው። መኪና ማንም ቢነዳው ሊብሬው ይሠራል። ይህ ግን ሾፌሩ ሲወርድ የሚቆም መኪና ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ጋሼን ሁለተኛ ጥያቄ ጠይቃቸው። በብቃት ማረጋገጫው ፋይል ላይ ስሙ ያለው ባለሙያ ማነው? እውነት እዚያ ይሠራል?

ኮዬ ልጅ | መስከረም 30

ለምን ትገዛለህ? እኔ አልገባኝም። 2.9 ሚሊዮን ለስም ከምትከፍል የራስህን ክፈት። አሁን በአዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ማቋቋም ይችላል፣ እንደ ድሮው ሁለተኛ ሰው መፈለግ የለም። ሙያው በእጅህ ነው፣ ደንበኞቹም የሚያውቁት አንተን ነው። እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብቻ ብትሠራ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለ፤ ሰው ቤቱን ሲረከብ ሽቦውን እንደ አዲስ ነው የሚያስዘረጋው።

ፓነል ሠሪዋ፣ አቃቂ | መስከረም 30

ኮዬ ልጅ፣ ለቤት ሥራ እውነትህን ነው። እሱ ግን የሚያወራው ስለ ገላን ነው።

እኔ ፓነል (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሣጥን) እገጣጥማለሁ፣ ከገላን እስከ ዱከም ባሉ ፋብሪካዎች ጨረታ ላይ ከተቋራጮች ጋር አብሬ እገባለሁ። ሰነዱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ተመሳሳይ ሥራ የሠራህበትን የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ነው። ቀጥሎ ኦዲት የተደረገ ሒሳብ። እነዚህ በአንድ ቀን አይገኙም። ጋሼ በብዙ ዓመት የሰበሰቡት ደብዳቤ የተጻፈው በማኅበሩ ስም ነው። ማኅበሩን ከገዛ ደብዳቤው አብሮ ይኖራል። ዕቃውን ብቻ ገዝቶ በራሱ ስም አዲስ ከከፈተ ግን ደብዳቤው ሌላ ድርጅት ስላደረገው ሥራ ነው የሚመሰክረው። በእጁ የዘረጋው ገመድ እንኳ ቢሆን ለጨረታ ኮሚቴ ማስረጃ አይሆነውም። ይህን ስንት ጎበዝ ልጆች ላይ አይቻለሁ፣ ሥራው የእነሱ፣ ደብዳቤው የሰው።

ስለዚህ 2.9 ሚሊዮኑ ለስም አይደለም፣ ለታሪክ ነው። ይበዛል አይበዛም የሚለው ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤዎቹን ኮፒ ሳይሆን ዋናውን እይ። ማኅተሙንና ቀኑን ተመልከት። ሁለት ሦስቱ የጻፉት ድርጅት ሄደህም አረጋግጥ። ጋሼን ስለማታምን አይደለም፣ ነገ ጨረታ ላይ አንተ ነህ የምትጠየቀው።

ፎርማን ከገላን | ጥቅምት 3

እህቴ፣ ስለ ታሪክ ያልሽው ልቤን ነካው። ብዙዎቹን ሥራዎች የሠራሁት እኔ ነኝ።

ጋሼን ጠየቅኳቸው። መልሱ አስደነገጠኝ። በፋይሉ ላይ ያለው መሐንዲስ ቢሮ መጥቶ አያውቅም። ዶክመንቱን በዓመት ክፍያ ያከራየ ሰው ነው፣ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ይሠራል። 9 ዓመት እዚያ ሠርቼ አንድ ቀን አላየሁትም። ጋሼ አልደበቁኝም፣ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አሉኝ። እውነቱን ስለነገሩኝ አከበርኳቸው። ግን አሁን ምን ላድርግ?

ሒሳብ ቤት | ጥቅምት 3

ዶክመንት መከራየት በሒሳብም ይታያል፣ ያንን ላሳይህ። ቋሚ ሠራተኛ ነው ከተባለ በደሞዝ ዝርዝሩ ላይ መኖር አለበት፣ የሥራ ግብር ሊቆረጥለት ይገባል። ጡረታም አለ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ካልተከፈለለት «ቋሚ» የሚለው ቃል ውሸት ነው። ሁለት ቦታ ቋሚ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ችግሩ የሁለቱም ድርጅቶች ይሆናል። አክሲዮኑን የገዛህ ቀን ያ ችግር የአንተ ማኅበር ችግር ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግብሩ ነው። አክሲዮን ስትገዛ ማኅበሩን ከነዕዳው ነው የምትገዛው። ገቢዎች የቀረበለትን ግብር እስከ 5 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ገደቡ አይከላከልህም። «ክሊራንስ አለ» ቢሉህ ክሊራንስ ማለት እስከዚያ ቀን የታወቀ ዕዳ የለም ማለት እንጂ ኦዲት አይመጣም ማለት አይደለም። የ5 ዓመት የቫት ማስታወቂያዎችን ከሽያጭ ደረሰኞቹ ጋር አስተያይ። ፋብሪካ ቅድመ ግብር ቀንሶ የሰጣቸው ደረሰኞች ከተመዘገበው ገቢ ጋር ይገጥማሉ? ተቋራጭ ላይ ኦዲተር መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው። ኬብል ያለ ደረሰኝ ተገዝቶ ከሆነም ወጪው አይያዝላችሁም፣ ትርፉ በወረቀት ያብጣል፣ በዚያ ላይ 30 በመቶ ግብር አለ።

ሱቁ በየትኛው በኩል ነው? ቱሉ ዲምቱ አዲስ አበባ ነው፣ ገላን ሸገር ከተማ ነው። ምዝገባውና የግብር ፋይሉ የት እንዳለ እወቅ፤ አድራሻ ተቀይሮ ፋይሉ ካልተዘዋወረ በሁለት ቦታ ትፈለጋለህ።

የንግድ ፈቃዱ ዘንድሮ ያለቅጣት የሚታደስበት የመጨረሻ ቀን ታኅሣሥ 30 ነው። ሽያጩ ቢጓተት እንኳ ጋሼ ራሳቸው ያድሱት፤ የተቋረጠ ፈቃድ አትግዛ።

ጠበቃዋ | ጥቅምት 4

ሒሳብ ቤት ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ በእትዬ ድርሻ ልጀምር፣ ሰው አለፈው።

ባለአክሲዮን ሲሞት ድርሻው ለወራሾች ነው የሚሄደው፣ መመሥረቻ ጽሑፉ ሌላ ነገር ካላለ። ስለዚህ ጋሼ ብቻቸውን ሊሸጡልህ አይችሉም። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት። ልጆቹ ውጭ ካሉ ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፈርመው ይልካሉ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይቀበለዋል። ውክልናው ላይ «አክሲዮን መሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ይኑር። ጠቅላላ ውክልና ብለው ልከው ስንት ሰው ተመልሷል። ከልጆቹ አንዱ የውጭ ፓስፖርት ከያዘ ለጠበቃህ ቀድመህ ንገር።

ሁለተኛ፣ ሠራተኞቹ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 23 መሠረት የባለቤትነት መለወጥ የሥራ ውልን አያቋርጥም። ዓመታቸው ይቀጥላል። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ነው፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ። 9 ዓመት የሠራ ሰው የ110 ቀን ያህል ማለት ነው። ስንት ሠራተኛ አለ? ይህ ዕዳ በዋጋው ድርድር ላይ ይቀመጥ።

ሦስተኛው ሰው የማያስበው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስትና አለበት። የኤሌክትሪክ ሥራው ከሕንፃው ጋር ተያይዞ ጥያቄ ቢነሣ ማኅበሩ ይጠራል። ጋሼ በ2010 ያስረከቡት ሕንፃ እስከ 2020 ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

ስለዚህ ውሉ ላይ ሦስት ነገር አስጽፍ። ሻጭ ከርክክብ በፊት ለነበረ ግብርና ዕዳ በግል ኃላፊ ይሁኑ። ዋጋው በአንድ ጊዜ አይከፈል፣ ከፊሉ የብቃት ማረጋገጫው ለውጥ ሲያልቅ፣ ከፊሉ ከዓመት በኋላ ይሁን። ጋሼም በተመሳሳይ ሥራ በአካባቢው እንዳይከፍቱ ዘመን ተወስኖ ይጻፍ። ጋሼ ጥሩ ሰው መሆናቸውን አልጠራጠርም፣ ግን ውል የሚጻፈው ለጥሩ ቀን አይደለም።

ለዶክመንት ኪራዩ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። አትቀጥለው። በመጀመሪያው ቀን አንተ ሥራ አስኪያጅ ሆነህ የምትፈርመው ማመልከቻ ላይ ውሸት እንዲኖር አትፍቀድ።

ኮዬ ልጅ | ጥቅምት 4

ጥያቄ አለኝ ለጠበቃዋ። አክሲዮኑን ትቶ ዕቃውንና መደብሩን ብቻ ቢገዛ ከዚህ ሁሉ ዕዳ አይድንም?

ጠበቃዋ | ጥቅምት 5

በአብዛኛው ይድናል። መደብር ሲሸጥ በጋዜጣ ይነገራል፣ ከሻጩ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ካለ ተቃውሞውን ያቀርባል፣ ዋጋውም እስኪጣራ ድረስ ይያዛል። ለገዢ ጥሩ ጥበቃ ነው። ግን ፓነል ሠሪዋ ያለችው ይመጣል፤ ፈቃዱም፣ ማረጋገጫውም፣ ደብዳቤዎቹም ከማኅበሩ ጋር ይቀራሉ። ታሪኩን የፈለገ ዕዳውንም ይወስዳል። ታሪክ ያለ ዕዳ የሚሸጥበት መንገድ እኔ አላውቅም።

የሳይት ሰው 22 | ጥቅምት 6

ሁላችሁም ስለ ወረቀት ተናገራችሁ፣ ጥሩ ነው። ስለ ገመዱ ግን ማንም አላነሣም። እኔ እርጅና ይዞኛል፣ 31 ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ። ልጄ፣ እባክህ ስማኝ።

የምትገዛው ድርጅት ያለው ትክክለኛ ሀብት የተዘረጋው ገመድ ነው። እሱ ጥሩ ከሆነ ደንበኛ ይመለሳል፣ መጥፎ ከሆነ አንድ ቀን በእሳት ይጠራሃል። ስለዚህ ካለፉት ሥራዎች አምስት ምረጥ፣ ሄደህ በእጅህ ለካ። አንተ የሠራኸውን አይደለም፣ አንተ ከመግባትህ በፊት ወይም በሌላ ቡድን የተሠራውን።

ሜገሩን በ500 ቮልት አድርገህ እያንዳንዱን መስመር ፈትሽ። ከ1 ሜጋኦም በታች ካየህ እዚያ ቁም፣ ምክንያቱን ሳታገኝ አትለፍ። የሶኬት መስመሮቹ ላይ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊአምፒር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ አለ ወይ? ተጭኖ ሲሞከር ይቆርጣል? ኒውትራልና ኧርዝ (የመመለሻውና የመሬት ሽቦው) ንዑስ ቦርድ፣ ማለትም ከዋናው የሚቀጥለው ማከፋፈያ ሣጥን ላይ አንድ ላይ ታስረው አየህ? ይህን በጣም ብዙ ቦታ አገኘዋለሁ። ቁጠባ ይመስላቸዋል። ኒውትራሉ በተበጠሰ ቀን የማሽኑ አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ያንን ማሽን የሚነካው ደግሞ ገና ከገጠር የመጣ ልጅ ነው። አንድ ልጅ እንዲህ ሲሞት አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽፋኑን ሳልከፍት የማንንም ቦርድ አላምንም።

ኧርዙን በበጋ ለካ። ከአቃቂ እስከ ገላንና ዱከም ያለው አፈር መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ ነው። ክረምት ላይ ረጥቦ ያብጣል፣ የተቀበረውን የኧርዝ ዘንግ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ቁጥሩ ያምራል። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉ ይለያል፣ ቁጥሩ ይወጣል። ነሐሴ ላይ የተጻፈ የፍተሻ ወረቀት ለመጋቢት አይመሰክርም። ጥቅምት ላይ ስለሆንክ አፈሩ ገና አልደረቀም። ቢቻልህ አሁንም ለካ፣ ጥርም ለካ።

እንዲህ አድርገህ አምስቱ ሥራዎች ጥሩ ከሆኑ የተባለውን ዋጋ ብትከፍል አልከፋም። ሁለቱ መጥፎ ከሆኑ ግን ዋጋ አይደለም የሚቀነሰው፣ ሄደህ ማስተካከያው ነው በውል የሚጻፈው።

ፎርማን ከገላን | ጥቅምት 6

አባቴ፣ እጅዎን እስማለሁ። ይህን ምክር በገንዘብ አላገኘውም። ቅዳሜ እጀምራለሁ።

ሜገር ከሰበታ | ጥቅምት 7

የሳይት ሰው፣ ቆመን ነው የምናነበው።

ፎርማን፣ ስለ መሐንዲሱ አንድ ሐሳብ። ዲግሪህ ክረምት ላይ ቢያልቅም ልምድህ ከዲግሪ በኋላ የሚቆጠርበት ሁኔታ ሊኖር ስለሚችል በአንድ ቀን አንተ አትተካውም። ስለዚህ እውነተኛ ሰው ቅጠር። በደሞዝ ብቻ ከያዝከው ሌላ ቦታ ሲጨምሩለት ይሄዳል፣ እኔ ላይ የደረሰው ይደርስብሃል። ትንሽም ቢሆን አክሲዮን ስጠው። የራሱ ሲሆን ይቀመጣል።

ፎርማን ከገላን | ኅዳር 11

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ሥራም ፍተሻም ተደራርቦብኝ ነው።

አምስት ሥራ ለካሁ። ሦስቱ ንጹሕ ናቸው፣ እንዲያውም አንዱ ጋሼ ራሳቸው በወጣትነታቸው የሠሩት ወፍጮ ቤት ነው፣ ቦርዱን ስከፍት የሽቦ አደራደሩ አስደነቀኝ። አራተኛው ዳቦ ቤት ነው፣ መከላከያው ሲሞከር አይቆርጥም፤ ቀየርነው። አምስተኛው የእንጨት ሥራ ቤት ነው። የሳይት ሰው ያሉት በትክክል ተገኘ፣ ኒውትራልና ኧርዝ በሦስት ንዑስ ቦርድ ላይ ታስረዋል። ባለቤቱን ዕለቱኑ አነጋግሬ በማግሥቱ አስተካከልነው፣ ሒሳብ አልጠየቅንም። ጋሼ ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ ያኔ ሥራውን የመራው ፎርማን ማን እንደነበር ነገሩኝና «ሄጄ ማየት ነበረብኝ» አሉ።

ሒሳብ ቤት ባሉት መሠረት የ5 ዓመት ፋይል ለሒሳብ አዋቂ ሰጠሁ። በአንዱ ዓመት የፋብሪካው የቅድመ ግብር ደረሰኝ ከተመዘገበው ገቢ በላይ ሆኖ ተገኘ። አንድ የክፍያ ሰርተፊኬት ተረስቷል። ጋሼ ማስተካከያ አስገብተው ከነወለዱ ከፈሉ። ከሽያጩ በፊት መገኘቱ ለሁለታችንም ደግ ሆነ።

ወራሽነቱ ወጥቷል። የአንዷ ልጅ ውክልና ደርሷል። የወንዱ «አክሲዮን መሸጥ» የሚል ቃል ስለሌለው ተመልሷል፣ እንደገና ይልካል። ጠበቃዋ፣ ያሉት ሁሉ ደረሰ።

ፓነል ሠሪዋ፣ አቃቂ | ኅዳር 11

ዳቦ ቤቱንና የእንጨት ቤቱን ያለ ክፍያ ማስተካከልህ በዚያ ሰፈር ከማስታወቂያ ይበልጣል። መሐንዲሱስ?

ፎርማን ከገላን | ኅዳር 12

አገኘሁ። ሴት ናት። 6 ዓመት ሳይት ላይ የሠራች መሐንዲስ፣ ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር በአንድ ፋብሪካ በአማካሪ በኩል ትቆጣጠረን ነበር። ሁለት ጊዜ ሥራዬን አስፈርሳኛለች፣ ሁለቱንም ትክክል ነበረች። ለዚህ ነው የፈለግኳት። መጀመሪያ ዶክመንቷን የምከራይ መስሏት ተቆጣች። ቋሚ፣ በደሞዝ፣ 10 በመቶ አክሲዮን ስላት መመሥረቻ ጽሑፉን አምጣ አለችኝ። አንብባ ጥያቄ ጽፋ መለሰችልኝ። የወር ማስጠንቀቂያ ሰጥታ የድሮ ሥራዋን ለቀቀች፣ የመልቀቂያ ደብዳቤዋ ፋይላችን ውስጥ ነው።

ሒሳብ ቤት | ኅዳር 12

ከገባችበት ወር ጀምሮ ጡረታዋን አስጀምር። አንድ ወር እንኳ አይዝለል።

ፎርማን ከገላን | ጥር 19

የመጨረሻው ዜና።

ዋጋው 5.4 ሚሊዮን ሆነ። 3.2 ስንፈርም ከፈልኩ፣ 1.2 የብቃት ማረጋገጫው ላይ የባለሙያ ለውጡ ሲጸድቅ፣ 800 ሺው ከዓመት በኋላ፣ የቀረው 200 ሺ ደግሞ አንድ ፋብሪካ የያዘው ሪቴንሽን (ለሥራው ዋስትና ከክፍያ ያስቀረው ገንዘብ) ሲለቀቅ። ጋሼ የድሮ ዕዳ ላይ በግል ፈርመዋል። ንግድ ፈቃዱ ታኅሣሥ ውስጥ በጊዜው ታድሷል። 11 ሠራተኞች በሙሉ ዓመታቸው ሳይቆረጥ ቀጥለዋል፣ ለእያንዳንዱ በደብዳቤ ነግረነዋል። የተከራየውን መሐንዲስ ጋሼ ራሳቸው ደውለው አመስግነው አሰናበቱት፣ ስሙ ከፋይሉ እንዲወጣ ደብዳቤ ጻፍን።

ባለሥልጣኑ ዘንድ የባለሙያ ለውጡን ስናስገባ ሦስታችን አብረን ሄድን። መሐንዲሷ የራሷን ሰነድ፣ እኔ የአዲሱን ባለቤትነት፣ ጋሼ የመሣሪያዎቹን ደረሰኝ ይዘን። መሣሪያዎቹ አሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ጋሼ የእያንዳንዱን የተገዛበትን ዓመት በቃላቸው ተናገሩ። ማረጋገጫው ባለፈው ሐሙስ ተስተካክሎ ወጣ።

ጋሼ ለ6 ወር በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ ይመጣሉ፣ ዋጋ የማውጣቱን ሥራ እያስተማሩኝ ነው። ያ በውሉ ውስጥ አልነበረም።

የሳይት ሰው 22 | ጥር 19

እግዚአብሔር ይባርክልህ ልጄ። አሁን ጥር ነው፣ አፈሩ ደርቋል። ኧርዙን ለካኸው?

ፎርማን ከገላን | ጥር 20

ዛሬ ጠዋት ከመሐንዲሷ ጋር ወጣን። ሦስቱ ደህና ናቸው። የእንጨት ሥራ ቤቱ ከጥቅምቱ በእጥፍ ወጥቷል፣ ዘንጉ ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ቅዳሜ ሁለት ተጨማሪ ዘንግ ጨምረን እናያይዘዋለን። ዳቦ ቤቱን ነገ ከሥራ በፊት 12 ሰዓት ላይ እንለካለን፣ ምድጃው ከመቀጣጠሉ በፊት።